የቤተል የአሥራ አምስት ደቂቃ ሞት

ቤተል የገዛ ሞቷ ሲለፈፍ የሰማችው ደጅ ቆማ ጥርሷን እየቦረሸች ሳለ ነው። የእድሩ ለፋፊ ውባየሁ ከታችኛው መንገድ ላይ ጡሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋና ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «የመሪጌታ ወልደ አማኑኤል ልጅ ቤተል፣ ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በእድሩ አዳራሽ ትሞታለች! አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይታ ትነሣለች! አባል የሆነ ሁሉ ይገኝ! የቀረ በደንቡ መሠረት ይቀጣል!» አለ። ከዚያ ነገሩ ለራሱም ግር ብሎት ነው መሰል፣ «ቀብር የለም!» ብሎ ጨመረበት። ቤተል በአፏ የያዘችውን ውሃ ትትፋው ትዋጠው ጠፋት። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። ኅዳር ነው፤ በመሐል ሜዳ ከተማ የኅዳር ጠዋት ሰው ጡሩምባ ሲሰማ እንኳ መጀመሪያ የሚፈልገው ጋቢውን ነው። ከአጥሩ ወዲያ አንድ በር ተከፈተ፤ የአንዲት ሴት ድምፅ «ማን አሉ?» ሲል፣ የወንድ ድምፅ ደግሞ «ያቺ ዮጋዋ። ገና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ተኚ» ብሎ ሲመልስላት ተሰማ።

ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ ከሆነም የደንቡ ነው። ቤተል አዲስ አበባ በአንድ የስፖርት ቤት ሦስት ዓመት ዮጋ አስተምራለች። መሐል ሜዳ ከተመለሰች ወዲህም ሥራዬ ይኸው ነው ብላ ተማሪ ሰብስባ ነበር፤ ከጤና ጣቢያ ሁለት ነርሶች፣ አራት መምህራን፣ ወገቡን የሚያመው አንድ የግብርና ባለሙያ፣ ደግሞም ሱፍ ስትፈትል ዕድሜዋን ጎብጣ የኖረችው ዘነበች። መጀመሪያ ያስተማረቻቸው ሜዳ ላይ ነው። የመንዝ ነፋስ ግን ለዮጋ አልመች አለ፤ «ወደ ውስጥ ሳቡ» ስትላቸው ሳይስቡት ይገባል፣ «አሁን አስወጡ» ስትላቸው አልወጣ ይላል። አንድ ቀን ነፋሱ የአንዱን መምህር ባና፣ ያን ከባድ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ አንሥቶ ገብስ ማሳ ውስጥ ከጨመረው በኋላ፣ የእድሩ ሊቀመንበር ሻምበል ኪዳነ ወልድ አዘኑላቸውና የእድሩን አዳራሽ ቁልፍ ሰጧት። አዘኑላቸው ይባል እንጂ ራሳቸውም ሦስት ቀን በጓሮ በር ገብተው ከኋላ ቆመው ሠርተዋል፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ወስዷቸው አያውቅም።

ወሬው የእድሩ ጸሐፊ አቶ ይሥሐቅ ጆሮ ሲደርስ ነው ነገር የተበላሸው። አቶ ይሥሐቅ ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠሩ፣ የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ከመታወቂያቸው ጋር በኮት ኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። አንቀጽ ሰባት አዳራሹ ለሞት ጉዳይ ብቻ ያገለግላል ይላል፤ እሳቸውም ያሉት ይህንኑ ነው። ትናንት ኮሚቴው ተሰብስቦ ቤተልን ጠራት። የምታስተምሪውን በወረቀት ዘርዝረሽ አምጪ ተብላ ስለነበር በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጽፋ አቀረበች፦ የተራራ አቋቋም፣ የዛፍ አቋቋም፣ የድመትና የላም፣ የሕፃን፣ በመጨረሻም የሬሳ። የአቶ ይሥሐቅ ጣት ወረቀቱን ቁልቁል ሲወርድ ቆይቶ የመጨረሻው መስመር ላይ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሬሳ አተኛኘት ይባላል፣ ጋሼ። ሁልጊዜ የምንጨርሰው በሱ ነው። በጀርባ ተንጋሎ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ነው።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ለአሥራ አምስት ደቂቃ።»

አቶ ይሥሐቅ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ደንቡን አወጡ። ሬሳ ካለ ሞት አለ ማለት ነው፣ አሉ፤ ሞት ካለ ደግሞ አንቀጽ ሰባት ተሟልቷል። ሻምበል ኪዳነ ወልድ ወገባቸውን እያሻሹ «ተመስገን!» አሉ። ግን አንቀጽ ሰባት ብቻውን አይሄድም፤ ከኋላው የሚጎትታቸው አሉ። ሟቹ የእድሩ አባል ወይም የአባል ቤተሰብ መሆን አለበት። ሞቱ በጠዋት በጡሩምባ ይነገራል። አባላት በሙሉ ተገኝተው ይቀመጣሉ። የሟች የሕይወት ታሪክ በቅርብ ዘመድ ይነበባል፤ የቅርብ ዘመድ ካልተገኘ ሥርዓቱ እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል። ድንኳን ይተከል አይተከል በሚለው ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተከራከሩና ሟች በሩብ ሰዓት ስለምትነሣ ይቅር ተባለ። አንዱ የኮሚቴ አባል ስለ ፍታት ሊያነሣ አፉን ሲከፍት አቶ ይሥሐቅ ራሳቸው ተቆጡ፤ የቤተ ክርስቲያን ነገር የእድር ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይገባም፣ አሉ። ይህ አንድ ጊዜ በሥርዓቱ ከተፈጸመ በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል፤ ከዚያ ወዲያ አዳራሹ ለዮጋው የተፈቀደ ይሆናል።

ከተማሪዎቹ ውስጥ የእድሩ አባል ዘነበች ብቻ ነበረች። እሷም «የኔ ስም በጡሩምባ የሚጠራው አንድ ቀን ነው፤ ያን ቀንም አልሰማውም» ብላ እንቢ አለች። ስለዚህ የቀረችው የአባል ልጅ የሆነችው ቤተል ነች። የቅርብ ዘመዷ ደግሞ አባቷ መሪጌታ ወልደ አማኑኤል ናቸው። እዚህ ላይ ሲደርሱ የኮሚቴው አባል ሁሉ የየራሱን ጫማ ማየት ጀመረ፤ መሪጌታ ልጃቸውን ካነጋገሯት ዘጠኝ ወር እንዳለፈ መሐል ሜዳ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ሁለቱ የሚኖሩት አንድ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ በአንደኛው መሪጌታ ከመጻሕፍታቸው ጋር ያድራሉ፣ በሌላኛው ቤተል። ሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለው መደብ ላይ የእናቷ የአመተሥላሴ ባና እንደ ታጠፈ አለ፤ ማንም አይቀመጥበትም፣ ማንም አያነሣውም። መሪጌታ አንድ ነገር ሲፈልጉ እህታቸው እትዬ ጌታነሽ እስክትመጣ ይጠብቁና፣ ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ እያለች፣ «ጨው አልቋል በያት» ይላሉ። እትዬ ጌታነሽ በሌለች ጊዜ የሚነግሩት ደጃፍ ላይ ለታሰረችው በጊቱ ነው። በጊቱ ወፍራም ጥቁር የመንዝ በግ ናት፤ አመተሥላሴ ከሞተች ወዲህ የቤቱ ጉዳይ ሁሉ በእሷ በኩል ስለሚያልፍ ከማንም የበለጠ ታውቃለች። ሰዉ ይህን ሁሉ በዮጋው ያሳብበዋል። ትልቅ የቅኔ ማኅሌት ሰው ልጃቸው የባዕድ ነገር ይዛ ብትመጣባቸው እንዴት ያናግሯት ይላል። ቤተል ግን ልቧ ሌላ ያውቃል። የተኮራረፉት በየካቲት፣ እናቷ የተቀበረች ዕለት ነው።

ያን ዕለት ልቅሶ ቤቱ ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ሲገቡ ውስጧ አንድ ነገር ሊፈርስ ሲል ተሰማት፤ ከፈረሰ ደግሞ የሚሰበስበው አይኖርም ብላ ፈራች። ስለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ ሌላውን ስታስተምር የኖረችውን አደረገች። ዓይኗን ጨፈነች፤ አራት እየቆጠረች ወደ ውስጥ ሳበች፣ ስድስት እየቆጠረች አስወጣች። ከሠልስቱ እስከ ሰባቱ እንዲሁ አደረገች። አንዲት ጠብታ ዕንባ አልወጣትም። አልቃሿ ስሟን እየጠራች ሦስት ጊዜ ብትቀሰቅሳትም አልሆነም። በቀብሩ ዕለት አባቷ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለው አይተዋት ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቃል አልነገሯትም፤ ዕንባዋም እስከ ዛሬ አልመጣም፤ አንዳንድ ቀን ብቻዋን ሆና ብትሞክረውም እንቢ ይላታል።

ጡሩምባው ካለፈ በኋላ መሪጌታ ጋቢያቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። ቤተል እጇ ላይ የጥርስ ብሩሿን እንደያዘች ቆማለች፤ እግሯ ነጠላ ጫማ ውስጥ ባዶ ነው። መሪጌታ በጊቱ ፊት ቆሙ።

«ኅዳር ገብቶ፣ ውርጭ መሬት ላይ ተነጥፎ፣ ባዶ እግሩን የሚቆም ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?» አሏት በጊቱን።

በጊቱ አራት ባዶ እግሯን እንደያዘች አየቻቸው።

«አባባ» አለች ቤተል። «ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ… የሚያነብ የቅርብ ዘመድ ያስፈልጋል ብለዋል። እርስዎ ካልመጡ አዳራሹን አይፈቅዱልኝም። እኔም ከዚያ ወዲያ እዚህ የምቀመጥበት ምክንያት አይኖረኝም።»

መሪጌታ በጊቱን ግንባሯን አሻሹላት። «ጆሮ አለኝ፣ ሰምቻለሁ በያት» አሉና ወደ ዜማ ተማሪዎቻቸው ሄዱ። ይምጡ አይምጡ አላሉም። ቤተል በጊቱን ብታያትም እሷም የምትጨምረው አልነበራትም።

እትዬ ጌታነሽ የመጣችው ትንሽ ቆይታ ነው። በእድሩ ደንብ መሠረት የሟች አክስት ስለሆነች ንፍሮ መቀቀል የእሷ ድርሻ መሆኑን አቶ ይሥሐቅ በሰው ልከውባት፣ ስንዴውንና ባቄላውን በቁና ይዛ ነው የገባችው። እሳቱን አቀጣጥላ ድስቱን ከጣደች በኋላ የእውነት ግራ የገባት ነገር ስለነበር ቤተልን አጠገቧ አስቀምጣ ጠየቀቻት። «አንቺ ልጅ፣ ላንቺ ጥቁር ልልበስ ወይስ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ባደርገው ይበቃል?» ቤተል መዘቅዘቁ እንደሚበቃ ነገረቻት። «ፀጉሬንስ?» ፀጉሯን እንዳትነካው ለመነቻት። እትዬ ጌታነሽ ትንሽ አሰበችና፣ «ደረት ግን ትንሽ መምታት አለብኝ፤ ሰው ምን ይለኛል? የገዛ ወንድሟን ልጅ ዝም ብላ አየቻት ይሉኛል» አለች። ንፍሮው ሲበስል ቤተል ከራሷ ንፍሮ አንድ እፍኝ ዘግና ቁርስ አደረገችው። ጨው አንሶታል።

ወደ ገበያ ስትወጣ ነገሩ ባሰ። ሰው ሁሉ ምን እንደሚላት ስለማያውቅ ያለውን ሁሉ ነው የሚላት። ልብስ ሰፊው ከመኪናው ቀና ብሎ «እግዜር ያጥናሽ» አላት፤ መልሶ ተሳሳትኩ መሰለኝ ብሎ «ነፍስ ይማር» አለ፤ እሱም እንደማይሆን ሲያውቅ አንገቱን ደፍቶ ፔዳሉን ይረግጥ ጀመር። ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ ለሟች አልሸጥም፣ ገደ ቢስ ነው ብላ መለሰቻት፤ ዋጋውን ግን ነግራታለች፣ ኪሎው ካለፈው ሳምንት ጨምሯል። ቤተል ወደ መናኸሪያው ወርዳ የደብረ ብርሃኑን ሚኒባስ ረዳት አገኘችው። ቦርሳዋን ሌሊት ሸክፋ አልጋዋ ሥር አድርጋዋለች። አባቷ ካልመጡ ነገ ጠዋት ትሄዳለች፤ ነገ መሆኑን ለማንም አልነገረችም፣ ለበጊቱ እንኳ።

«ለነገ አንድ ወንበር ያዝልኝ፤ መሄዴ ግን አልተቆረጠም» አለችው።

ረዳቱ ትኩር ብሎ አያት። «አንቺ ዛሬ አትሞቺም እንዴ?»

«እነሣለሁ።»

«በስንት ሰዓት?»

«ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።»

«እንግዲያስ የፊቱን ወንበር እይዝልሻለሁ» አላት። «ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምንነሣው፤ እንዳታረፍጂ።»

አዳራሹ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። በአንዱ ጥግ የእድሩ ድንኳን እንደ ተጠቀለለ ተኝቷል፤ ከጎኑ ሰው የሚያህሉ የብረት ድስቶች፣ እላይ በላይ የተደረደሩ አግዳሚ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ቃሬዛው ተሰቅሏል። ቤተል በስምንት ሰዓት ገብታ ሲሚንቶውን ጠረገች። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ ባናቸውን ዘረጉ፤ የጎማ ምንጣፍ ያላት ቤተል ብቻ ናት፣ ሌላው የሚሠራው በቤቱ ባና ላይ ነው፤ ሱፉ ይኮሰኩሳል ግን ይሞቃል። እንደ ሁልጊዜው በትንፋሽ ጀመሩ፤ ከዚያ ተራራ ሆኑ፣ ዛፍ ሆኑ። የግብርናው ባለሙያ እንደ ልማዱ ዛፍ ሲሆን ወደ ድስቶቹ ወደቀ። ዘነበች በአራት እግሯ ቆማ ጀርባዋን እንደ ድመት ስትቆልል አጥንቷ ቋ ሲል ተሰማና «እሰይ!» አለች። እዚህ ከመጣች ወዲህ ጄሪካን ስታነሣ መጀመሪያ ትንፋሽ ትስባለች፤ አሁን ወገቧ እንደ ድሮው አይይዛትም። ከመምህራኑ አንዱ ደግሞ ተማሪ ሲያናድደው ስድስት እየቆጠረ ማስወጣት ለምዷል፤ ተማሪዎቹ ቆጠራውን አውቀውበት አምስት ላይ ከክፍል ይሮጣሉ። ቤተል ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል። ሥራዋን ትወደዋለች፤ ይህችን ዘጠኝ ወር ያቆያት ይህ ነው፣ ይህና አንድ ቀን ያናግሩኝ ይሆናል የሚል ተስፋ።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን አባላቱ መግባት ጀመሩ። ቀሪ ስለሚቀጣ የቀረ የለም። ነጠላ የዘቀዘቁ ሴቶች፣ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌዎች፣ ከሥራ ተጠርተው የመጡ ሰዎች እየገቡ አግዳሚው ላይ ሞሉ። ልቅሶው የቱ ጋ እንደሆነ ስላላወቁ በአንድ እግራቸው ለቆሙት ነርሶች እጅ እየነሡ ተቀመጡ። ንፍሮው ዞረ። እትዬ ጌታነሽ በር ላይ ቆማ ደረቷን ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጋ ዙሪያዋን ተመለከተች፤ የሚቀበላት ባለመኖሩ ተቀመጠች። አቶ ይሥሐቅ ከፊት ጠረጴዛ አስቀርበው፣ ቃለ ጉባኤውን ከፍተው፣ የራስጌውን አንብበው ሲያበቁ ሰዓታቸውን አዩ።

«ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሟች ቦታዋን ትያዝ። የቅርብ ዘመድ?»

ሻምበል ኪዳነ ወልድ ወደ በሩ አዩ፤ በሩ ክፍት ነው፣ ነፋስ ብቻ ይገባበታል። «እስቲ ጥቂት እንታገሥ» አሉ ሻምበል። አቶ ይሥሐቅ ደንቡ ስለ መታገሥ የሚለው እንደሌለ፣ የሚከለክለውም እንደሌለ ተናገሩ። ቤተል ጎማው ምንጣፍ ላይ በጀርባዋ ተንጋለለች። ክንዶቿን ከጎኗ አራቀች፣ መዳፏን ወደ ላይ አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች። «ፊታችሁን ልቀቁት» ብላ ለተማሪዎቿ የምትነግረውን ለራሷ ነገረችው። አልለቀቅ አላት። አራት ቆጥራ ሳበች፣ ስድስት ቆጥራ አስወጣች። የፊቱን ወንበር አሰበች። ሲሚንቶው ከምንጣፉ ሥር ቅዝቃዜውን ወደ ተረከዟ ይልካል። መቶ ሰው በዙሪያዋ ንፍሮ ያኝካል።

ከዚያ ሲሚንቶው ላይ የመቋሚያ ጫፍ ሲያርፍ ሰማች። ቋ፣ ቋ፣ እያለ ከበሩ ወደ እሷ መጣና ከራስጌዋ ቆመ። ንፍሮ የሚያኝከው ሁሉ ማኘኩን ተወ።

«መሪጌታ፣ የሕይወት ታሪኩን እኔ አዘጋጅቼልዎታለሁ» አሉ አቶ ይሥሐቅ። ወረቀት ሲቀባበሉ፣ የመነጽር ቤት ሲከፈት፣ ሲዘጋ ተሰማ።

«ይሥሐቅ፣ የተወለደችበት ቀን ተሳስቷል» አሉ መሪጌታ። ወረቀቱን ሲያጥፉት ሰማች። ወደ ቤታቸው የሚመለሱ መሰላት።

«ይህች ልጅ ስትወለድ አላለቀሰችም» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ዜማ ሲያስተምሩ እንደሚሆነው ዝግ ያለ ነው። «ትተነፍሳለች፣ ዓይኗን ትገልጣለች፤ ድምፅ ግን የላትም። አዋላጇ ገለበጠቻት፣ መታ መታ አደረገቻት፤ ዝም። እኔ ወጥቼ አጥር ሥር ቆሜ ዳዊት እደግም ጀመር። አመተሥላሴ አስጠራችኝና ‹ምን ያስጨንቅሃል? ጊዜዋ ሲደርስ ታለቅሳለች› አለችኝ። ሰዉ ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ከሄደ በኋላ ጮኸች። ጎረቤቱ ሁሉ እስኪመለስ ጮኸች። እንግዲህ ይህን በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ።»

መቋሚያቸውን አንድ ጊዜ ሲሚንቶው ላይ አሳረፉ።

«ሰው መሪጌታ ልጁን የጠላት በዮጋው ነው ይላል። አይደለም። እኔ አምሳ ዓመት ማኅሌት ቆሜያለሁ፤ መቆም ምን እንደሆነ፣ ትንፋሽ ምን እንደሆነ ማንም አይነግረኝም። በዚህ መስኮት ሁለት ቀን መጥቼ አይቻቸዋለሁ። እነዚህ እግራቸውን አያጸኑም። እሷ ታጸናለች።» የግብርናው ባለሙያ ከድስቶቹ አጠገብ እግሩን ሰበሰበ። «እናቷን የቀበርን ቀን ዓይኗን ጨፍና ስትተነፍስ አየኋት። ዕንባ የላትም። ጨከነች አልኩ። ስትወለድ የሆነውን ረሳሁት፣ አመተሥላሴ ያለችኝን ረሳሁት። ዘጠኝ ወር ሙሉ ከበግ ጋር ስነጋገር ከረምኩ። በጊቱንም መረራት።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው፤ ሴቶቹ ዝም አሰኙት።

«ዛሬ ጠዋት ውባየሁ ስሟን ሲጠራ፣ ነገሩ የይሥሐቅ ሥራ መሆኑን እያወቅኩ፣ በእውነት ቢሆን ኖሮስ አልኩ። ያን ዘጠኝ ወር ለማን እመልሰዋለሁ? ተማሪዎቼን ድጓ ላይ አስቀምጬ ከጠዋት ጀምሮ ይህንን ሳስብ ነበር። ለዚህ ነው የዘገየሁት፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ቤተል አራት ልትቆጥር ሞከረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ላይ ትንፋሹ ተሰበረ። ከዓይኗ ጥግ አንድ ትኩስ ነገር ወጣና ወደ ጆሮዋ ወረደ፤ ሌላው ተከተለው። ልታቆመው አልቻለችም፤ ደግሞም አልፈለገችም። ሬሳ ነኝ ብላ እጇን አላንቀሳቀሰችም፣ ፊቷን አልሸፈነችም። ደረቷ ብቻ ወደ ላይ እየዘለለ መጣና መጀመሪያ እንደ ሳል፣ ቀጥሎ እንደ ሕፃን ያለ ድምፅ ከአፏ ወጣ። እትዬ ጌታነሽ «ልጄን!» ብላ ተነሣች፤ አሁን የመታችው ደረት ለሰው ብላ የመታችው አልነበረም።

አቶ ይሥሐቅ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «መሪጌታ፣ ይቅርታ ላቋርጥዎትና… ሟቿ እያለቀሰች ነው። ይሄ ደግሞ በደንቡ…»

«ተዋት፣ ይሥሐቅ» አሉ መሪጌታ። «የእናቷን ነው።»

አዳራሹ ተነቃነቀ። ከዚያ በፊት በየካቲት ያለቀሱት ሴቶች እንደ አዲስ ጀመሩ፤ ዘነበች ባናዋ ላይ ተቀምጣ፣ ነርሶቹ ተቃቅፈው፣ ሻምበል ኪዳነ ወልድ ደግሞ ፊታቸውን ወደ ቃሬዛው አዙረው አለቀሱ። ውባየሁ ጡሩምባውን ይዞ በር ላይ ቆሟል። ጥቂት ጠብቆ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለና፣ «ጋሼ፣ አሥራ አምስት ደቂቃው ሞልቷል፤ ልንፋው?» ሲል ቤተል በልቅሶዋ መሐል ሰማችው። የአቶ ይሥሐቅን መልስ አልሰማችም። በኋላ ዘነበች እንደ ነገረቻት፣ አቶ ይሥሐቅ ቃለ ጉባኤውን ለረጅም ጊዜ አይተው፣ «ለአሥራ አምስት ደቂቃ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዘው፣ ከላዩ «እስኪበቃት ድረስ» ብለው ጽፈው ፈረሙበት።

አንድ ሰው ከእግርጌዋ ቁጭ ሲል፣ ጉልበቱ ሲንቋቋ ተሰማት። የጋቢ ጫፍ እግሯን ሸፈነው። ከጋቢው በላይ አንድ ሻካራ እጅ ተረከዟን ጨብጦ ያዘው።

«አንቺ ልጅ» አሏት አባቷ፤ ጌታነሽን አይደለም፣ በጊቱንም አይደለም። «በዚህ ብርድ ካልሲ የለሽም?»